ፈቃዱ ከፋይሉ ጋር ይሂድ፦ የአሜሪካ ኤክስፖርት ቁጥጥር ማጽደቂያን በኮምፒውተር ሥርዓት ለማስኬድ

ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ውስጥ አነስተኛ የቴክኖሎጂ ድርጅት ከፍተው ግማሹን ሥራ አዲስ አበባ ካሉ መሐንዲሶች ጋር የሚሠሩ ከሆነ፣ ወይም በአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ የኤክስፖርት ፈቃድ ጉዳይ እርስዎ ላይ ከወደቀ፣ ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣብዎታል፦ «ይህን ንድፍ ልላክላቸው?» «ይህን መሣሪያ ወደ አገር ቤት መላክ ይቻላል?» መልሱ ብዙውን ጊዜ በኢሜይል ይመላለሳል። አንዱ «በእኔ በኩል ችግር የለም» ይላል፣ ሌላው ዝም ይላል፣ ፋይሉም ይሄዳል። ከዓመት በኋላ ማን በምን ምክንያት እንደፈቀደ የሚያስታውስ አይገኝም።

ሕጉ ደግሞ ያስታውሳል። የጦር ዕቃና ቴክኒካዊ መረጃ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በኩል በአይታር ደንብ ይታያል። ለሲቪልም ለወታደራዊም አገልግሎት ሊውል የሚችለው ዕቃ፣ ሶፍትዌርና ዕውቀት በንግድ መሥሪያ ቤት ሥር ባለው ቢአይኤስ በኢኤአር ደንብ ይመራል። ማዕቀብ የግምጃ ቤቱ የኦፋክ ሥራ ነው። ሆን ብሎ ኢኤአርን መጣስ ለእያንዳንዱ ጥፋት እስከ 20 ዓመት እስራትና እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ሊያስከትል ይችላል።

የኢሜይሉን ምልልስ በዲጂታል ቅጽ መተካት ቀላል ነው፤ ለውጡ ግን ትንሽ ነው። «ተፈቅዷል» የሚለው ቃል ፋይሉን ራሱን የሚከፍትና የሚዘጋ ካልሆነ፣ ያለዎት ሥርዓት የይሁንታ መዝገብ እንጂ ቁጥጥር አይደለም። የሚከተሉት ደረጃዎች ሁሉ የተደረደሩት ወደዚያ ለመድረስ ነው። ከመጀመርዎ በፊት ሦስት ሰዎች ይሰብስቡ፦ ምርቱን የሚያውቅ መሐንዲስ፣ ደንቡን የሚያውቅ ሰው (በአስቸጋሪ ጉዳይ የሚጠየቅ ጠበቃ ጭምር)፣ የፋይል ማከማቻውንና የሠራተኞችን መግቢያ የሚያስተዳድር ባለሙያ። አንዱ ከጎደለ ሥራው በመሀል ይቆማል።

ደረጃ 1፦ ያለውን አሠራር በወረቀት ያውጡ

ያለፉትን ስድስት ወራት የፈቃድ ኢሜይሎች ሰብስበው ለእያንዳንዳቸው አራት ነገር ይጻፉ፦ ምን ተላከ፣ ለማን፣ ወደ የት፣ ለምን ሥራ። አብዛኛውን ጊዜ አራተኛው ባዶ ሆኖ ይገኛል። እዚህ ላይ ይጠንቀቁ፤ ለብዙ ዕቃዎች ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ የሚወስነው የመጨረሻው ተጠቃሚና አገልግሎቱ ነው። ስለዚህ የጥያቄ ቅጽዎ ያለ «ለምን ሥራ» መልስ እንዳይላክ ያድርጉ። «ለፕሮጀክት» የሚል አንድ ቃል እንዳይቀበልም ያድርጉ፤ ሰዎች ሲቸኩሉ የሚጽፉት እሱን ነው።

ደረጃ 2፦ የእያንዳንዱን ነገር ምድብ ይወስኑ

ከሥራው ሁሉ ከባዱና ብዙ ሰው ሊያልፈው የሚፈልገው ይህ ነው። ኮምፒውተር መወሰን የሚችለው ዕቃውና ፋይሉ ምን እንደሆኑ ሲነገረው ብቻ ስለሆነ፣ እዚህ የተሠራ ስህተት በኋላ በፍጥነትና በብዛት ይባዛል።

ቅደም ተከተሉን አይለውጡ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ነገሩ በአይታር የጦር ዕቃዎች ዝርዝር 21 ምድቦች ውስጥ አለ ወይ የሚለው ነው። እዚያ ከሌለ ወደ ንግድ መሥሪያ ቤቱ ዝርዝር ይሂዱ። እዚያ እያንዳንዱ ነገር ኢሲሲኤን የሚባል አምስት ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ አለው። በሁለቱም በስም ካልተጠቀሰ ብቻ ኢኤአር99 ይባላል። በጣም የተለመደው ስህተት ይህን የተገላቢጦሽ ማድረግ ነው፤ የመረጃ ቋቱ ሲሠራ ባዶ የሆነው ሳጥን ሁሉ በራሱ «ኢኤአር99» ተብሎ ይሞላል። ባዶ ሳጥን «አልተመደበም» ይበል፤ ያልተመደበ ነገር ደግሞ ከቦታው አይንቀሳቀስ።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ለእርሻ ድሮን የሚገጠም የሙቀት ካሜራ ወደ ኢትዮጵያ ሊላክ ነው እንበል። በሰከንድ እስከ 9 ምስል ብቻ የሚያነሳው ዓይነት በ6ኤ993 ሥር ሊወድቅ ይችላል፤ ከዚያ የሚፈጥነው ተመሳሳይ ካሜራ ግን በጠበቀው 6ኤ003 ሊያዝ ይችላል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ ካሜራዎች አንድ ናቸው፤ ሻጩም በአንድ ስም ይሸጣቸዋል። ስለዚህ ምድቡን ከምርት ስም ጋር ብቻ አያስሩት። ከሞዴል ቁጥሩና ካስወሰነው ቴክኒካዊ ልክ ጋር አብሮ ይመዝገብ። ማን ወሰነ፣ መቼ፣ በየትኛው የደንቡ ቅጂ፣ በምን ምክንያት የሚሉት መስኮችም አይቅሩ። (ድሮኑ ራሱ አዲስ አበባ ሲደርስ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ጉዳይ ይሆናል። የአሜሪካው ፈቃድ የኢትዮጵያውን አይተካም፤ ሥርዓቱ ለሁለቱ የተለያየ ቦታ ይስጣቸው።)

ዕቃውና ስለ ዕቃው ያለው ዕውቀት የተለያየ ምድብ እንዳላቸውም አይርሱ። ምስጠራ ያለው መሣሪያ በ5ኤ002 ሊመደብ ይችላል፤ የሚሠራበት ቴክኒካዊ ዕውቀት ደግሞ በ5ኢ002። የአንድ ፕሮጀክት ፋይሎች በሙሉ የመሣሪያውን ምድብ እንዲወርሱ ማድረግ በዚህ ምክንያት ስህተት ነው።

ጥርጣሬ ካለ መንግሥት ራሱ ይመልሳል። የኢኤአር ምድብ ጥያቄ በቢአይኤስ ስናፕ-አር ድረ ገጽ ይቀርባል። አይታር ነው ወይስ አይደለም የሚለው ደግሞ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዴክስ ሥርዓት በዲኤስ-4076 ቅጽ ይጠየቃል። መልሱ እስኪመጣ የጠበቀውን ግምት ይያዙ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 አርቲኤክስ የተባለው ትልቅ የመከላከያ ኩባንያ በ750 የአይታር ጥሰቶች ተከሶ በ200 ሚሊዮን ዶላር ሲስማማ፣ ከጥሰቶቹ ጉልህ ክፍል የመነጨው ከተሳሳተ ምድብ ነበር።

ደረጃ 3፦ ሰዎችን በትክክለኛው መስፈርት ይለዩ

ፋይሉ ከአሜሪካ ሳይወጣም ኤክስፖርት ሊሆን ይችላል። ሜሪላንድ ቢሮ ውስጥ አጠገብዎ ለተቀመጠ የውጭ ዜጋ ቁጥጥር ያለበትን ንድፍ ማሳየት፣ በሕጉ ዓይን ወደ አገሩ እንደላኩት ይቆጠራል። በስክሪን ማጋራትም ያው ነው። ለኤች-1ቢ ቪዛ የሚሞላው አይ-129 ቅጽ ስድስተኛ ክፍል አሠሪው ይህን መመርመሩን እንዲያረጋግጥ የሚጠይቀውም ለዚህ ነው።

ሥርዓቱ ማወቅ ያለበት የሚከተለውን ነው። የአሜሪካ ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ በስደተኝነት ተቀባይነት ያገኘ ወይም ጥገኝነት የተሰጠው ሰው «የውጭ ሰው» አይባልም። ከወገኖቻችን ብዙዎቹ በዚህ መንገድ የመጡ ስለሆኑ ይህን ዓረፍተ ነገር ለቅጥር ክፍሉ ደግመው ያስረዱ። ለሌሎቹ ኢኤአር የሚያየው የመጨረሻውን ዜግነት ወይም ቋሚ መኖሪያ ነው፤ አይታር ግን ሰውየው የነበረውንና ያለውን ዜግነት ሁሉ፣ ያለውንም ቋሚ መኖሪያ ያያል። አሥመራ ተወልዶ ዛሬ አሜሪካዊ የሆነ ሠራተኛን በትውልድ ቦታው ምክንያት ከፋይል መከልከል ደንቡ የማይጠይቀው በደል ነው። መስኩ «የትውልድ አገር» የሚል ከሆነ ይሰርዙት።

ሁለተኛው ወጥመድ ይህን መረጃ ሲቀጠሩ ከሚሞላው የሥራ ፈቃድ ማረጋገጫ ጋር መቀላቀል ነው። ጄነራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ከፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ጋር በ365,000 ዶላር የተስማማው ሁለቱን ሂደቶች ቀላቅሎ ግሪን ካርድ ያላቸውን ሰዎች ተጨማሪ የአገራቸውን ፓስፖርት ጠይቋል በሚል ክስ ነበር። ስለዚህ ማጣሪያውን ለብቻው ያድርጉ፤ ሰነዱን አንድ ኃላፊ ብቻ ይይ፤ ወደ ፈቃድ ሥርዓቱ የሚያልፈው ውጤቱ ብቻ ይሁን፦ «ክፍት» ወይም «ለዚህ አገር ፈቃድ ይመርመር»። የቡድን መሪው የሰው ዜግነት ማየት አያስፈልገውም። አዲስ አበባ ያሉ ሠራተኞችን መረጃ የሚይዙ ከሆነም የኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንደሚመለከትዎ ልብ ይበሉ።

ደረጃ 4፦ ስሞችን ከተከለከሉት ዝርዝሮች ጋር ያመሳክሩ

የአሜሪካ መንግሥት የንግድ፣ የውጭ ጉዳይና የግምጃ ቤት መሥሪያ ቤቶችን ዝርዝሮች አንድ ላይ ሰብስቦ በነፃ ያቀርባል። በእጅ ሊፈልጉበት ይችላሉ፤ ሶፍትዌርዎ በቀጥታ እንዲጠይቀውም ኤፒአይ አለው። ተቀባዩን ብቻ አያመሳክሩ፤ አጓጓዡ፣ መካከለኛው ደላላ፣ ባንኩና የመጨረሻው ተጠቃሚ ሁሉ ይግቡ። ድርጅት ከሆነም ባለቤቶቹን ይጠይቁ፤ በኦፋክ ደንብ የታገዱ ሰዎች በድምሩ 50 በመቶና ከዚያ በላይ የያዙት ድርጅት ስሙ በዝርዝሩ ባይኖርም እንደታገደ ይቆጠራል።

የኛ ስሞች ለዚህ ማሽን ፈተና ናቸው። የአሜሪካ ቅጽ «የቤተሰብ ስም» ይላል፤ እኛ ጋ ያለው የአባትና የአያት ስም ነው። አንዱ ሰው በአንድ ሰነድ የአባቱን፣ በሌላው የአያቱን ስም በመጨረሻው ሳጥን ይጽፋል። «ጸጋዬ» በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዳንዱ በ«ቲ» ይጀምረዋል፣ አንዳንዱ በ«ኤስ»። «ኃይለ ማርያም» እና «ወልደ ጊዮርጊስ» እንደ ጸሐፊው አንድ ወይም ሁለት ቃል ይሆናሉ፤ ሁለት ሲሆኑ ቅጹ «ወልደ»ን ብቻ እንደ ስም ይወስደዋል። ልክ በልክ የሚያመሳክር ፍለጋ እነዚህን ሁሉ ያሳልፋል። ተቀራራቢ ስም የሚፈልገውን ዘዴ ከመጠን በላይ ካሰፉት ደግሞ በየቀኑ «ሙሐመድ አሕመድ» የሚባል ንጹሕ ሰው ሁሉ ይታገዳል።

መፍትሔው ስሙን በአማርኛም በላቲንም መመዝገብ፣ የግል ስምን፣ የአባትንና የአያትን በተለያየ ሳጥን መያዝ፣ ፍለጋውንም በሁሉም ቅደም ተከተል ማስኬድ ነው። ስም ብቻ ከተመሳሰለ ሥርዓቱ ያቁም፤ ግን ወዲያው የልደት ዓመትን፣ አገርንና አድራሻን አነጻጽሮ ለሰው ያቅርብ። ያ ሰው «ሌላ ሰው ነው» ካለ ምክንያቱን ጽፎ ይዝጋው፤ ያው ሰው በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ምክንያት ዳግም መታገድ የለበትም። ንጹሕ ሰውን ደጋግሞ ማንገላታት የመልካም ቁጥጥር ምልክት አይደለም። ዝርዝሮቹ ሲለወጡ ግን ማመሳከሩ በየቀኑ ከአዲሱ ጋር እንደገና ይሂድ፤ ትናንት ንጹሕ የነበረ ድርጅት ዛሬ ሊገባ ይችላል።

ደረጃ 5፦ የውሳኔ ሰንጠረዡን ይጻፉ

ምድቡ፣ ሰውየውና አገሩ ከታወቁ የኢኤአሩን የአገሮች ሰንጠረዥ ወደ ኮምፒውተር ደንብ መለወጥ ይቻላል። ኦፕን ፖሊሲ ኤጀንትን የመሰለ ነፃ መሣሪያ ለዚህ ይበቃል። ውጤቶቹ ሦስት ብቻ ይሁኑ፦ ይለፍ፣ ይቁምና ሰው ይየው፣ አይሆንም። በራሱ «ይለፍ» ማለት የሚችለው በጣም ግልጽ ለሆነው ብቻ ነው፤ ለምሳሌ በሰው የተመደበ ኢኤአር99፣ ስሙ ያልተመሳሰለ ተቀባይ፣ ግልጽ የሲቪል አገልግሎት፣ ማዕቀብ የሌለበት አገር። ከደንቡ ነፃ መውጫዎች አንዱን ለመጠቀም የሚቀርብ ጥያቄ ሁሉ ሰው ይየው። እያንዳንዱ ነፃ መውጫ የራሱ ቅድመ ሁኔታ አለውና።

አይታር የሚነካ ነገር ወደ ኢትዮጵያ በራሱ እንዲያልፍ በፍጹም አይፍቀዱ። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ኢትዮጵያን በአይታር አንቀጽ 126.1 ፈቃድ በመርሕ ከሚከለከሉ አገሮች መዝገብ ውስጥ አስገብቷል። ጥያቄ በመጣ ቁጥር የዕለቱን የአንቀጹን ጽሑፍ ከፍቶ የሚያነብ ሰው ይመደብ።

እያንዳንዱ ደንብ ከቀን እስከ ቀን የሚል ምልክት ይኑረው። ቢአይኤስ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 የ50 በመቶ ባለቤትነትን መርሕ ወደ ራሱ ዝርዝሮች የሚያሰፋ ደንብ አውጥቶ በኖቬምበር ለአንድ ዓመት አግዶታል። አሮጌውን ደንብ አጥፍተው በአዲሱ የሚተኩ ከሆነ፣ በጥቅምት የተሰጠን ውሳኔ በየትኛው ሕግ እንደተሰጠ ማስረዳት አይችሉም።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አቋሜ ይህ ነው፦ ረጅም ቴክኒካዊ ሰነድ አንብቦ «ይህን ምድብ ይመልከቱ» ብሎ መጠቆም ይችል ይሆናል፤ የመጨረሻውን «ይለፍ» ግን አይስጥ። ውሳኔው የሚነበብ ደንብና ስሙ የሚታወቅ ሰው ይኑረው። ጠያቂው የራሱን ጥያቄ እንዳያጸድቅም በሥርዓቱ ይከልክሉት፤ አለቃም ቢሆን።

ደረጃ 6፦ ፈቃዱን ከፋይሉ ጋር ያስሩ

ቦይንግ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 በ199 የአይታር ጥሰቶች በ51 ሚሊዮን ዶላር ሲስማማ፣ ከጉዳዮቹ አንዱ ይህ ነበር፦ ቻይና ያሉ ሦስት ሠራተኞቹ ከኩባንያው የቴክኒክ ማከማቻ ቁጥጥር ያለበትን መረጃ እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2017 ለ25 ጊዜ አውርደዋል። ደንብ ጠፍቶ አይደለም፤ በሩ ክፍት ነበር።

ስለዚህ ፋይል ሁሉ የምድብ ምልክት ይያዝ፤ ማከማቻውም በተከፈተ ቁጥር የፋይሉን ምልክት፣ የሰውየውን ሁኔታና በዚያች ሰዓት ያለበትን አገር አነጻጽሮ ይወስን። ፈቃድ ሲሰጥ በሩ ለዚያ ሰው፣ ለዚያ ፋይል፣ እስከዚያ ቀን ይከፈታል፤ ቀኑ ሲደርስ ማንም ሳያስታውስ ይዘጋል። የኢሜይል አባሪ ይቅር፤ በምትኩ ሊሻር የሚችል ሊንክ ይላክ። የማውረድ ምዝግብ ማስታወሻ ብቻ ይዞ መቀመጥ ግን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው።

ምስጠራ እዚህ ትልቅ ነፃነት ይሰጣል፤ በትክክል ከተሠራ። ምስጢራዊ ደረጃ ያልተሰጠው ቴክኒካዊ መረጃ ከላኪው እስከ ተቀባዩ ሳይፈታ ከተጓዘ፣ ምስጠራው ፊፕስ 140-2 የተባለውን የአሜሪካ መንግሥት ደረጃ ወይም ተመጣጣኙን ካሟላ፣ ሆን ተብሎም በአይታር በተከለከሉት አገሮች ወይም በሩሲያ ላለ ሰው ካልተላከ ወይም እዚያ ካልተከማቸ፣ መላኩ ራሱ ኤክስፖርት አይባልም። ሁለት ነገር ያበላሸዋል። አንደኛው መሀል ላይ ፈትቶ የሚያስቀምጥ የደመና አገልግሎት ነው። ሁለተኛው የቁልፉ ጉዳይ ነው፤ መረጃውን እንደሚገልጥ እያወቁ ቁልፉን ለአንድ ሰው መስጠት ፋይሉን ለመስጠት የሚያስፈልገውን ፈቃድ ይጠይቃል። የማከማቻዎ አስተዳዳሪ አዲስ አበባ ከሆነና ሁሉንም ቁልፍ ከያዘ ምስጠራው አይጠቅምዎትም። ቪፒኤንም ለብቻው አይበቃም፤ መንገዱን እንጂ ፋይሉን አይጠብቅም።

ከመንግሥት ውል ጋር የተያያዘ መረጃ ከያዙ ናይስት 800-171 የተባለው ሰነድ የመረጃ ጥበቃ መስፈርቶች ይጨመራሉ፤ በሁለተኛው ቅጂ 110 ናቸው። ለብቻ ሊሟሉ የሚከብዱ ስለሆኑ ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ የደመና አገልግሎት መከራየት ለትንሽ ድርጅት ይቀላል።

ለገና ወይም ለጥምቀት አገር ቤት የሚሄድ ሠራተኛ የኩባንያውን ላፕቶፕ ይዞ መሄዱም ኤክስፖርት ነው። የዕረፍት ጥያቄ ቅጹ ከፈቃድ ሥርዓቱ ጋር ይገናኝ፤ መድረሻው ከአሜሪካ ውጭ ሲሆን ሥርዓቱ ባዶ የጉዞ ላፕቶፕ ያዝዝ፣ የቁጥጥር ፋይሎቹንም ለጉዞው ጊዜ ይዝጋ።

ደረጃ 7፦ የመንግሥት ፈቃድ ሲያስፈልግ ጥቅሉን ያዘጋጁ

ማመልከቻው በስናፕ-አር ወይም በዴክስ ይገባል፤ እውነት ነው ብሎ የሚያረጋግጠውም በስሙ የተመዘገበ ሰው ነው። ያንን ፊርማ በማሽን አይተኩት። ማሽኑ የሚረዳው ከፊርማው በፊት ባለው ሥራ ነው፤ የምድቡን ማስረጃ፣ የመጨረሻ ተጠቃሚውን መግለጫ፣ ብዛቱንና ዋጋውን ከመዝገብ አውጥቶ ይሞላል፤ የጎደለውንም ያሳያል። ያልተሟላ ማመልከቻ ውሳኔ ሳይሰጥበት ሊመለስ ይችላልና።

ለደንበኛዎ የጊዜ ተስፋ ሲሰጡ እነዚህን ያስቡ፦ በ1995ቱ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ 12981 መሠረት ቢአይኤስ ማመልከቻውን በ9 ቀን ውስጥ ለመርማሪ መሥሪያ ቤቶች ያስተላልፋል፤ እነሱ አስተያየታቸውን በ30 ቀን ይሰጣሉ፤ ጠቅላላው በ90 ቀን ውስጥ ይወሰናል ወይም ወደ ፕሬዚዳንቱ ይመራል። ተጨማሪ መረጃ ሲጠየቁ ግን ሰዓቱ ሊቆም ስለሚችል ሥርዓቱ ጥያቄው በገባበት ዕለት ያሳውቅዎ። የቢአይኤስ ፈቃድ ክፍያ የለውም፤ «አስፈጽማለሁ» ብሎ የመንግሥት ክፍያ የሚጠይቅዎን ሰው አይመኑ።

ፈቃዱ ሲመጣ ፒዲኤፉን አስቀምጦ መርሳት የተለመደ ጥፋት ነው። ፈቃዱ ላይ የተጻፉት ሁኔታዎች (ብዛት፣ ጠቅላላ ዋጋ፣ የተፈቀደላቸው ስሞች፣ የሚያበቃበት ቀን) አንድ በአንድ ወደ ሰንጠረዡ ይግቡ። በተላከ ቁጥር ከቀሪው ይቀነስ፤ ሲያልቅ በሩ ይዘጋ። ዕቃው ፈቃድ የሚፈልግ ከሆነ፣ ወይም በአንድ የምርት ቁጥር ከ2,500 ዶላር በላይ ከሆነ፣ የኤክስፖርት መግለጫው ለጉምሩክ በኤሌክትሮኒክ ይገባል፤ የፈቃዱ ቁጥር ከሥርዓቱ በቀጥታ ይተላለፍ እንጂ በእጅ አይገልበጥ።

ደረጃ 8፦ ይሞክሩ፣ ይመዝግቡ፣ ሲሳሳት ያቁሙ

በደረጃ 1 የሰበሰቧቸውን አሮጌ ጉዳዮች በአዲሱ ሥርዓት ውስጥ ያስኪዱ። ሰውና ማሽን በተለያዩበት ቦታ ሁሉ ማን እንደተሳሳተ ይመርምሩ፤ አንዳንዴ ሰውየው ነው። ለጥቂት ሳምንታት ማሽኑ ይምከር፣ ሰው ይወስን፤ ከዚያ በኋላ ቀላሎቹን ብቻ ለማሽኑ ይልቀቁ። ካለፉትም ጥቂቱን በዕጣ እያወጡ ማየት አይተዉ።

የኢኤአር መዝገብ ለ5 ዓመት ይጠበቃል፤ የኦፋክ ጉዳይ እ.ኤ.አ. ከማርች 2025 ጀምሮ 10 ዓመት ነው። ሁለቱን ለመለየት ከሚቸገሩ ረጅሙን ለሁሉም ያድርጉት። መዝገቡ ሊጨመርበት እንጂ ሊሰረዝ የማይችል ይሁን።

አንድ ቀን ያልተፈቀደ ፋይል መሄዱን ያገኛሉ። በዚያች ሰዓት የሚደረገው አስቀድሞ ተጽፎ ይቀመጥ፦ መግቢያውን ይዝጉ፣ ምዝግቡን ሳይነኩ ያስቀምጡ፣ ከዚያው ዕቃ ወይም ደንበኛ ጋር የተያያዘ ቀጣይ ጭነትና የጥገና አገልግሎት ያቁሙ፣ ጠበቃ ይጥሩ። ጥሰት መፈጸሙን እያወቁ በዚያው ዕቃ ሥራ መቀጠል ራሱን የቻለ ሌላ ጥሰት ነው። ቢአይኤስም ሆነ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በራስ ፈቃድ የሚቀርብ ሪፖርት የሚቀበሉበት ሥርዓት አላቸው፤ በጊዜና በሙሉ የቀረበ ሪፖርት ቅጣቱ ሲመዘን ይታሰባል። ስህተቱን ያገኘው ተራ ሠራተኛ ከሆነ በቀጥታ ለእርስዎ የሚያሳውቅበት፣ በአለቃው በኩል የማያልፍ መንገድ ይክፈቱለት፤ አለቃው ራሱ ፈቃጁ ሊሆን ይችላል።